በሊቀ ቀለበቱ ራስ ልክ

«ስማ አገር! የሰማህ ላልሰማው አሰማ፤ ያልሰማህም የሰማህ ምሰል! ከዛሬ ጀምሮ ክቡር የአደባባይ ኳሳችን በቀድሞው ሊቀ ቀለበት ራስ ልክ መጠቅለሉ ቀርቶ፣ በአዲሱ ሊቀ ቀለበት በተከበሩ አቶ ድንበሩ ራስ ልክ እንዲጠቀለል ታዟል። ኳሱ አነሰ ብሎ ያጉረመረመ ሰው፣ የሊቀ ቀለበቱን ራስ አነሰ እንዳለ ተቆጥሮ ይቀጣል!»

አዋጁን የጮኽኩት እኔ ነኝ። በከተማችን ሁለት ነገር እጮኻለሁ፤ አዋጅና «ለጥቂት!»ን። አዋጁ ሲገኝ ነው። እንጀራዬ «ለጥቂት!» ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማችን መሀል ግራና ቀኙ በድንጋይ ግድግዳ የታጠረ ረጅም ሜዳ አለ። ከግድግዳው አናት አጠገብ፣ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ እንኳ የማይደርስበት ቦታ፣ መሀሉ ቀዳዳ የሆነ የድንጋይ ቀለበት ተሰክቷል። ኳሱ ከዛፍ ሙጫ የሚጠቀለል፣ ጥቁርና የዓመት ልጅ ያህል የሚከብድ ነው። በእጅ መንካት ነውር ነው። በእግር መምታት ብልግና ነው። የሚመታው በዳሌ ነው። ለምን በዳሌ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሊጠይቅ ያሰበም ቢኖር ዳሌው አብጦ ተኝቷል።

ሕጉ አጭር ነው። ኳሱን በቀለበቱ ያሳለፈ ሰው የአገሩ ጀግና ይባላል። አንገቱ ላይ አበባ ይጠለቅለታል። ከዚያ በትልቁ የድንጋይ ደረጃ ጫፍ ድረስ ይወጣና ያው አበባ የጠለቀለት አንገት በጥቁር ድንጋይ ቢላዋ ይቆረጣል፤ እሱም ስለ ዝናብ ሊያነጋግርልን ወደ ሰማይ ይላካል። ከዚህ የበለጠ ክብር በአገራችን የለም። ስለዚህም ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ አንድም ሰው አሳልፎ አያውቅም።

ሰው ግን ክብር ይወዳል፤ አንገቱንም ይወዳል። ሁለቱን ለማስታረቅ ሲባል ቀለበቱን ለጥቂት መሳት ጥበብ ሆነ። ኳሱ የቀለበቱን ከንፈር ላስ አድርጎ ሲመለስ፣ እኔ ከግድግዳው ላይ ሆኜ «ለጥቂ...ት!» እላለሁ። ሕዝቡ ራሱን ይይዛል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ መቺው መሬት ወድቆ በቁጭት ሣር ይነጫል። ከዚያ ተነስቶ አቧራውን ያራግፍና ምሳው ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል።

የዚህ ጥበብ ሊቅ አባ ለጥቂት ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነበር፤ የጥንቱን ስማቸውን ያወጡላቸው እናታቸው እንኳ ረስተውታል። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዳሌያቸው ግን ገና ጎረምሳ ነው። እሳቸው የሳቱትን መሳት ማንም አልሳተም። ኳሱን ወደ ቀለበቱ አፍ ያደርሱትና፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ልክ በሩ ላይ ሐሳቡን እንደቀየረ እንግዳ ያስመልሱታል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አባ ለጥቂት ሲስቱ አይተው አልቅሰው ይሄዱ ነበር።

ጎረቤቴ ቢያድግልኝ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚጫወተው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ እኔ ግን ለእሱ አንድ ቀን ጮኼ አላውቅም። የእሱ ኳስ ወይ ግድግዳውን ዘልሎ የቃሪያ ሻጭ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ወይ የራሱን ወገን ተጫዋች ጀርባ ይመታል።

«ጎረቤት፣ ለአንድ ቀን እንኳ ጩህልኝ እንጂ» ይለኛል ወደ ቤት ስንመለስ።

«ቢያድጌ፣ ለጥቂት እኮ ለቀረበ ነው። አንተ የምትስተው ለብዙ ነው።»

ይስቃል። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አያልፍም ነበር።

ኳሱን የምትጠቀልለው ሚስቱ ስንዱ ናት። ሙጫውን ታፈላለች፣ በቀጭኑ ትስባለች፣ እንደ ልቃቂት ትጠቀልላለች። አዲስ ሊቀ ቀለበት በተሾመ ቁጥር ክር ይዛ ሄዳ የሹሙን ራስ ዙሪያ ትለካለች። ከጥንት ጀምሮ ሊቀ ቀለበት የሚመረጠው ራሱ ሰፊ የሆነ ሰው ነበር፤ አእምሮ ቦታ ይፈልጋል ይባላልና። አቶ ድንበሩ ግን የተመረጡት በአማችነት ነው። ስንዱ ለክታ የተመለሰች ቀን ክሩን በጣቷ ላይ ጠቅልላ አሳየችን።

«ይቺ ናት እንግዲህ» አለች። «ቀሪውን ክር ለቀሚሴ መስፊያ አደርገዋለሁ።»

«ዝም በይ፣ አዋጅ አለ» አላት ባሏ።

በአዲሱ ኳስ የመጀመሪያው ጨዋታ የአዝመራው በዓል ዕለት ሆነ። ተጫዋቾቹ ኳሱ ቀለለን ብለው በዓይናቸው ብቻ አጉረመረሙ። አባ ለጥቂት አንድ ልዩ መሳት ሳቱ፤ እኔም የሳንባዬን ያህል ጮኽኩ። ኳሱ ነጥሮ ወደ ቢያድግልኝ ወረደ። ቢያድግልኝ ጀርባውን አዞረ። ሊሸሽ ይሁን ሊመታ፣ እኔ ከላይ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ኳሱ ዳሌውን አገኘው፣ ተነሳ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ በቀለበቱ ቀዳዳ፣ ድመት በመስኮት እንደምትገባ፣ ምንም ሳይነካ አለፈና ወዲያ ማዶ ወረደ። ተንከባሎም ከሊቀ ቀለበት ድንበሩ እግር ሥር ቆመ።

እኔም «ለጥቂ...ት!» ብዬ ጮኽኩ።

ልማድ ነው። ሕዝቡም በልማድ ራሱን ያዘ። አንዲት ሴት እልልታዋን ጀምራ መሀሉ ላይ ቆረጠችው። ቢያድግልኝ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዕድሜ ልኩን የለመነኝን ጩኸት አሁን ሰጥቼው፣ እንደሰደብኩት ያህል ነበር አስተያየቱ።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።

«አንተ ምን አየህ?» አሉ ሊቀ ቀለበቱ። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ሰውየው ከተሾሙ ገና ወንበሩ አልሞቀላቸውም።

«ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት በአፌ ነው። በዓይኑ የተቀጠረ ሰው ካለ እሱ ይጠየቅ።»

ተፈለገ። በዓይኑ የተቀጠረ ሰው በከተማው ውስጥ አልተገኘም።

ሊቀ ቀለበቱ ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ። ድምፃቸውን እንደ አባት አለሰለሱ። «ልጄ፣ ጯሂው ለጥቂት ብሏል። አንተም ለጥቂት ነበር በልና ወደ ቤትህ ግባ።»

«በል እንጂ!» አለች ስንዱ ከኋላ።

ቢያድግልኝ ዳሌውን አሻሸ። «አልፏል» አለ።

«ምኑ?»

«ኳሱ።»

«በየት በኩል?»

«በቀለበቱ በኩል ነዋ።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ሕጉ ግን ለዚህም መላ ነበረው። የጯሂው ቃልና የመቺው ቃል ካልተስማሙ ምቱ ይደገማል፤ ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ አንድ ምት ብቻ። ካለፈ መቺው ይላካል። ካላለፈ ወደ ሚስቱ ይመለሳል። የመጀመሪያው ኳስም ሰማይ ነክቶ ይሆናልና በመቅደሱ ይቀመጥ፣ ለድጋሚው ሌላ ይጠቅለል ተባለ። ሁሉም ተነፈሰ። ቢያድግልኝ መሳት ያቅተዋል ብሎ የሚያስብ ማን አለ?

የስንዱ ፊት ብቻ አልተፈታም። ከሸንጎው ስትወጣ ቀለበቱ ሥር ቆማ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ የማሰሮ አፍ እንደሚያይ ሰው ወደ ላይ ስትመለከት አየኋት።

«ምን ታያለሽ?» አልኳት።

«ባሌን ታውቀዋለህ?»

«ጎረቤቴ አይደል?»

«ደስ ብሎታል» አለች። «የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።»

እውነቷን ነው። ቢያድግልኝ ገበያ ሲወጣ ሰው መንገድ ይለቅለት ጀመር። በቅርጫቷ ውስጥ ኳሱ የገባባት ቃሪያ ሻጭ እንኳ ያንን ቅርጫት ለሰው ታሳይ ነበር። ከዚያ መልእክት የሚያደርሱ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ሰማይ የሚሄድ ሰው ከተገኘ ባዶ እጁን አይሄድም አሉ።

«ለመጀመሪያው ባሌ ሌላ ማግባቴን ንገርልኝ» አሉት ወይዘሮ እንጉዳይ። ወጥተው ከደጃፍ ተመለሱ። «ተወው፣ አትንገረው። ጣራው ተጠግኗል ብቻ በለው።»

«አባቴ ሊያርፍ ሲል ‹ማጭዱ...› ብሎ ነው ያረፈው» አለ ሌላው። «የት ጋ እንዳስቀመጠው ጠይቅልኝ። ከዚያ ወዲህ በሰው ማጭድ ነው የማጭደው።»

አንዱ ለአያቱ አንድ ጆንያ በቆሎ ይዞ መጣ።

ስንዱ የሙጫ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። «ባሌ አህያ ነው እንዴ? ደግሞስ መሄዱን ማን ነገራችሁ?»

«እትዬ ስንዱ፣ አስቀድመን እንያዝ ብለን ነው እንጂ። በኋላ ይጨናነቃል።»

ባለ ቢላዋውም መጣ። ደግ ሰው ነው። ሹመቱን ከአባቱ ወርሶ፣ ቢላዋው ሥራ ፈትቶ እንዳይደንዝ ብሎ በየበዓሉ ዱባ ይቆርጥበታል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ሲያሽከረክር ቆየና «ቢያድጌ፣ እንዳትሰጋ» አለው። «ዱባ ላይ እጄ ጥሩ ነው።»

ቢያድግልኝ አመሰገነው። የሁሉንም መልእክት በቃሉ ያጠና ነበር፤ ጠዋት አጥር ላይ ሆኜ «ጣራው ተጠግኗል፤ ማጭዱ የት ነው» እያለ ሲያንበለብል እሰማዋለሁ።

በዚህ መሀል አባ ለጥቂት ራሳቸው ሊያስተምሩት መጡ። ሊቁ፣ ለዚያ ሰው። የእኛ ሰፈር ሰው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አየ። ከባላ ላይ የቅርጫት ክፈፍ ሰቅለው፣ በአንድ አሮጌ ኳስ መሳት ያለማምዱት ጀመር።

«ዓይንህን ወደ ቀለበቱ፣ ልብህን ወደ ቤትህ» አሉት። «ዳሌህን መጨረሻ ላይ ላላ። እንዲህ። አየህ? ኳሱ ራሱ ያፍርና ይመለሳል።»

ቢያድግልኝ መታ። ኳሱ ክፈፉን በመሀሉ በጥሶት ሄደ።

«ሳት እንጂ አንተ ሰው! ዕድሜህን ሙሉ ስትስት ኖረህ ዛሬ አቃተህ?»

«መሳትስ እችላለሁ፣ አባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ የተበጠሰውን ክፈፍ አነሳና መጠገን ጀመረ። ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች። ክሯን ይዛ ወጣች። እኔንም በመንገድ ይዛኝ ሄደች፤ አዲስ ኳስ ሲለካ ልኩን ለሕዝብ የምጮኽ እኔ ነኝና።

ሊቀ ቀለበት ድንበሩን ያገኘናቸው ሌላ ሰው ሆነው ነው። ከጎረቤት ከተሞች የእንኳን ደስ አለዎት መልእክተኞች ይጎርፉ ነበር፤ በእሳቸው ዘመን ነዋ ያለፈው። ላባቸው ደርቋል። አረማመዳቸው እንኳ ሰፍቷል፤ በራቸው ሲጠባቸው አይቻለሁ።

ስንዱ ክሩን አነሳችና መልሳ አወረደችው። «ጌታዬ፣ እንዲሁ በባዶው ልለካዎ?»

«ሕጉ ራስ አይደል የሚለው?»

«ራስ ይላል፤ ራቁቱን ራስ ግን አይልም።» እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያን ቀን አገር ነው የሚሰበሰበው። ይሄ ሁሉ ክብር መጥቶ ያረፈው በዚህች ላይ ነው ወይ ሲሉ...»

ሊቀ ቀለበቱ እጃቸውን ወደ አናታቸው ላኩ። ፍለጋው ብዙ አልፈጀም።

«ጥምጥም ቢሆንስ?» አሉ።

«እኔ ሴትዮዋ ምን አውቄ፣ ጌታዬ። ሙጫ ነው የማውቀው።»

ጥምጥም መጣ። አንድ ዙር ዞረ። ስንዱ ራቅ ብላ አየችና አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሌላ ዙር። ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አደረገች። ሌላ ዙር። «አሁን ሰው መሰሉ... ማለቴ፣ አሁን ዘመንዎን መሰሉ» አለች። ሊቀ ቀለበቱ ለማንኛውም ብለው አንድ ዙር ከራሳቸው ጨመሩ። እኔም አደባባይ ወጥቼ የክቡር ሊቀ ቀለበት ራስ ከእነ ሙሉ ክብሩ መለካቱን ጮኽኩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አንድም ሰው ራስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንዴት አደገ ብሎ አልጠየቀም፤ ሲሾሙ ራስ ማደጉ የተለመደ ነው።

የድጋሚው ቀን ከተማው በሙሉ ወጣ። ወይዘሮ እንጉዳይ «ጣራው!» እያሉ ከሩቅ ያስታውሱታል። ባለ ቢላዋው ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ የቢያድግልኝን ዓይን ላለማየት ሰማይ ሰማይ ያያል። ስንዱ ኳሱን በጨርቅ አቅፋ መጣች። እጇ እስከ ክንዷ ሙጫ ነው፤ ኳሱም ገና ትኩስ ነው፣ ላዩ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ላይ አውጥታ ለእኔ ስታቀብለኝ ቢያድግልኝ ከታች ሆኖ ኳሱን አየው። ከዚያ እሷን አያት። እሷ ፊቷን አዞረች።

ለቀቅሁት።

ኳሱ አንዴ መሬት ነጠረና ወደ ዳሌው መጣ። አባ ለጥቂት ከዳር ሆነው የራሳቸውን ዳሌ ሲያላሉ አየኋቸው፤ ሳት ሳት እያሉ። ቢያድግልኝ ግን አልላላም። ጀርባውንም አላዞረም። እግሩን ተክሎ፣ ዓይኑን ቀለበቱ መሀል ላይ ሰክቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው። ኳሱ ወደ ግራ አላለም፣ ወደ ቀኝ አላለም። ስንዱ «አንተ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ። ከዚያ ድንጋዩ «ጧ!» አለ።

እንደ ልማዴ «ለጥ...» ብዬ ጀመርኩና አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። ኳሱ ቀለበቱ ውስጥ ተሰክቷል። ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ። አልተመለሰም። አላለፈም። ሰው ሁሉ ይወድቃል ብሎ ጠበቀ። ትኩስ ሙጫ ድንጋይ ሲይዝ ግን አያያዙን ያውቅበታል።

«ይውረድ!» አሉ ሊቀ ቀለበቱ።

«በየት በኩል፣ ጌታዬ?» አለ መሰላል የያዘው ሰው።

ነገሩ እዚህ ላይ ጠነከረ። ወደዚያ የገፋው ሰው ኳሱን አሳለፈ ማለት ነው፤ ይላካል። ወደዚህ የጎተተው ሰው ሰማይ የጎረሰውን ከአፉ ነጠቀ ማለት ነው፤ ይህን የሚያደርግ ምን እንደሚደረግ ሕጉ አልጻፈም፤ ይህን የሚያህል ደፋር ይኖራል ብሎ አላሰበም። መሰላል የያዘው ሰው መሰላሉን በቀስታ መሬት ላይ አስተኛው። ባለ ቢላዋው እንዲያወርደው ታዘዘ። «እኔ ሹመቴ ቢላዋ ነው፣ መሰላል አይደለም» አለ፤ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት ሲናገር አይቼው አላውቅም።

ሸንጎው ተቀመጠ፤ እስካሁንም አልተነሳም። ለጊዜው ቢያድግልኝ «በማለፍ ላይ ያለ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶታል። በየአዝመራው በዓል አንገቱ ላይ ግማሽ አበባ ይጠለቅለታል፤ የድንጋዩን ደረጃ እስከ እኩሌታው ይወጣል፤ እዚያ ትንሽ ይቆማል፤ ሕዝቡ ያለቅስለታል፤ ከዚያ ወርዶ ምሳውን ይበላል። የአያትየው በቆሎ ተበላ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ዘግይቶ መጣ። ኳሱ ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል። ሊቀ ቀለበቱ ጥምጥሙን ማውረድ አልቻሉም፤ ካወረዱ ልኩ ይቀየራል፣ ልኩ ከተቀየረ ኳሱ የማን ሊሆን ነው? የሚያድሩት ተቀምጠው ነው ይባላል።

አባ ለጥቂት ብቻ አንድ ቀን ስንዱ ዘንድ መጥተው የድሮዎቹን ሹሞች ክሮች አሳዪኝ አሏት። ከሣጥኗ አወጣችላቸው። አንድ በአንድ ከአዲሱ ክር ጋር አስተያዩ። ሁሉም ከጥምጥሙም ይረዝሙ ነበር፤ የጥምጥሙ ኳስ ደግሞ ተሰክቶ ቀርቷል። አባ ለጥቂት ዳሌያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ውሃ ሰጠናቸው። አሁን ዱባ ይተክላሉ፤ በጥንቱ ስማቸው ልንጠራቸው ፈልገን የሚያስታውሰው ጠፋ።

እኔም ሥራ ፈትቻለሁ። ቀለበቱ ተደፍኖ ለጥቂት የለም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሄጄ በቆሎ እፈለፍላለሁ። ባለፈው ሦስታችን ተቀምጠን ሳለን ስንዱ የያዘችውን በቆሎ አስቀመጠች።

«ቢያድጌ።»

«አቤት።»

«ኳሱ መወፈሩን አውቀህ ነበር?»

ቢያድግልኝ መፈልፈሉን ቀጠለ።

«እኔ ባላወፍረውስ ኖሮ? መሳት ትችል ነበር። ወደ ቃሪያ ሻጯ መምታት ትችል ነበር፣ ለምደኸዋል። ለምን መሀሉን መታህ?»

«አልናገርም» አለ።

«ለእኔም?»

«ላንቺም።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ ልሞክር አልኩ። «እኔ እንኳ ያን ቀን ከላይ ሆኜ ሳይህ...»

«አልናገርም አልኩ፤ አልናገርም» አለ ቢያድግልኝ። «ያንን በቆሎ ወዲህ በል።»